ሸክሙ ከትከሻ ሲወርድ፦ የፎርክሊፍት አምራቹ ቃልና ተግባር

ኅዳር ገብቶ ሰሊጡ ከአውድማ ሲነሳ በመተማና በጎንደር መጋዘኖች ደጃፍ የጭነት መኪኖች ሰልፍ ይይዛሉ። ጆንያውን ከመኪናው አውርዶ ወደ መጋዘኑ የሚያስገባው በአብዛኛው የሰው ትከሻ ነው። ጫኝና አውራጆች አናታቸው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ ኩንታሉን ማጅራታቸው ላይ አሳርፈው፣ በተጋደመች ጣውላ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ግን አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ በሰውነቱ እንዲሸከም የተፈቀደው የክብደት ጣሪያ 55 ኪሎ ግራም ነው። በእኛ መጋዘኖች በር ላይ የሚታየው ከዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሸክም ነው።

ይህን ሸክም ከትከሻ የሚያወርደው ማሽን ፎርክሊፍት ይባላል። ከፊት ለፊቱ ሁለት የብረት ሹካዎች ያሉት፣ ሹካዎቹን ከፓሌት ሥር አስገብቶ ጭነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አጭር ተሽከርካሪ ነው። በደረቅ ወደቦች፣ በፋብሪካዎች፣ በቦሌ የአበባ ማቀዝቀዣ መጋዘኖችና በቡና ላኪዎች ግቢ የተለመደ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘናቸው እየሰፋ፣ የሚያስገቡት ማዳበሪያና የሚያወጡት ምርት እየጨመረ ሲሄድ ማሽኑ ወደ እነርሱም ደጅ መምጣቱ አይቀርም።

ሻጩ በሚመጣበት ጊዜ የሚናገረው ከወዲሁ ይታወቃል፤ «ማሽናችን ደህንነቱ የተረጋገጠ፣ ለአካባቢም የሚስማማ ነው» ይላል። ይህን የማይል አምራች የለም። ቃሉ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የዚህን ሥራ ቀዳሚ አምራች ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ታሪኩ የሚያስመሰግንም የሚያሳፍርም አለበት።

በዓለም ላይ በፎርክሊፍት ሽያጭ ቀዳሚው የጃፓኑ ቶዮታ ኢንዱስትሪስ ነው። መኪና ከሚያመርተው ቶዮታ ጋር ዝምድና አላቸው፤ ይሁን እንጂ ታላቁ ወንድም እርሱ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1926 ሲሆን ሥራውም የሽመና ማሽን ማምረት ነበር። መሥራቹ ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ በ1867 በገጠር መንደር ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። በአካባቢው ሴቶች ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ እያየ ያደገው ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የሽመና ዕቃን በማሻሻል አሳለፈ። እ.ኤ.አ በ1924 ያጠናቀቀው ማሽን ከብልሃቶቹ አንዱ ከድሩ አንዲት ክር ስትቆረጥ ወዲያውኑ ራሱን ማቆሙ ነው። ሸማኔ እንደሚያውቀው አንዲት የተቆረጠች ክር ሳትታይ ከታለፈች ጋቢው በሙሉ ይበላሻል። በናጎያ ከተማ በሚገኘው የኩባንያው ሙዚየም ይህ ማሽን ዛሬም ለጎብኚ እየተንቀሳቀሰ ይታያል።

ብልሽት ሲታይ ሥራውን የማቆም ልማድ በኋላ የቶዮታ ፋብሪካዎች ሁሉ መመሪያ ሆነ። ከጽሑፉ ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልን።

ኩባንያው የመጀመሪያውን ፎርክሊፍት ያወጣው እ.ኤ.አ በ1956 ነበር፤ አንድ ቶን የሚያነሳ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ በ2000 ደግሞ የስዊድኑን ቢቲ ኢንዱስትሪስ ገዝቶ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የመጋዘን ማሽኖችን አከለ።

ፎርክሊፍት ለምን አደገኛ እንደሆነ መኪና የሚነዳ ሰው ቶሎ ላይገባው ይችላል። ከአንዲት ትንሽ መኪና አይበልጥም፤ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ነው። ነገር ግን ትልቅ ሚዛን ነው ቢባል ይቀላል። ከፊት ጎማዎቹ ፊት ጭነቱ አለ፤ ከኋላው ደግሞ ጭነቱን የሚመክት ከባድ ብረት ተቀምጧል። ሁለት ቶን ተኩል የሚያነሳ ማሽን ራሱ አራት ቶን ገደማ የሚመዝነው በዚሁ ምክንያት ነው። የፊት ጎማዎቹ እንደ ሚዛን ማንጠልጠያ ሆነው በመካከል ያገለግላሉ። ጭነቱ ከሹካው ሥር ራቅ ብሎ ወደ ጫፉ ከተቀመጠ፣ ማሽኑ ያነሳዋል ተብሎ በጎኑ የተጻፈው ክብደት አይሠራም። ያ ቁጥር የተሰላው የጭነቱ መካከል ከሹካው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ ነው። ረዘም ያለ ፓሌት ላይ የተደረደረ ማዳበሪያ ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል።

ሌላም አለ። ማሽኑ የሚጠመዘዘው በኋላ ጎማዎቹ ስለሆነ መሪው ሲዞር ጅራቱ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ያልጠበቀው አቅጣጫ ነው። የኋላ አክስሉም በመካከሉ ባለች አንዲት ማጠፊያ ላይ ይወዛወዛል። ይህም ጎርባጣ መሬት ላይ አራቱም ጎማዎች መሬት እንዲነኩ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ማሽኑ አራት ጎማ ቢኖረውም የሚቆመው እንደ ሦስት እግር በርጩማ ነው። ጭነቱን ከፍ አድርጎ በፍጥነት ከታጠፈ የክብደቱ መካከል ከሦስት ማዕዘኑ ይወጣና በጎኑ ይገለበጣል።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ ከ1980 እስከ 1994 በአገሪቱ በፎርክሊፍት አደጋ የሞቱ 1 ሺህ 21 ሠራተኞችን መዝግቧል። ከእነዚህ 22 በመቶው የሞቱት ማሽኑ ተገልብጦ ሲሆን 20 በመቶው ደግሞ በእግራቸው ሲንቀሳቀሱ በማሽኑ የተመቱ ናቸው። አሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን ጆንያ የሚቆጥር መዝጋቢ፣ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ፣ ምርቱን ሊያስረክብ የመጣ ገበሬም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል።

የቶዮታ ኢንዱስትሪስ መሐንዲሶች ለመገልበጡ ችግር ያመጡት መልስ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ዋለ። ማሽኑ ላይ የተተከሉ መቆጣጠሪያዎች ፍጥነቱን፣ የመታጠፊያውን መጠን፣ የጭነቱን ክብደትና ከፍታ ያለማቋረጥ ይለካሉ። አደገኛ ሁኔታ ሲታይ አንድ የሃይድሮሊክ ፒስተን የሚወዛወዘውን የኋላ አክስል ለጊዜው ይቆልፈዋል። ያን ጊዜ ሦስት እግሩ በርጩማ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ይሆናል። ጭነቱ ከፍ ብሎ ሳለ አሽከርካሪው ምሰሶውን ወደ ፊት ላዘንብል ቢልም ማሽኑ ልኩን ይገድብበታል። አሽከርካሪው ከመቀመጫው ከተነሳ ደግሞ ማሽኑ መሄዱንም ማንሳቱንም ያቆማል። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸውን ዘዴ ይዘው ቀርበዋል፤ የጀርመኑ ሊንዴ ለምሳሌ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ወለሉ ላይ ሰማያዊ የብርሃን ነጥብ የሚጥል መብራት አለው። ጆንያ በተከመረበት ጠባብ መተላለፊያ መታጠፊያ ላይ የቆመ ሰው ድምፁን ባይሰማ እንኳ ብርሃኑን ያያል።

መቆጣጠሪያ ሁሉ ግን ሠልጥኖ ያልተቀመጠን አሽከርካሪ አያድንም። በአሜሪካ ሕግ ፎርክሊፍት የሚያሽከረክር ሰው መሠልጠን አለበት፤ ብቃቱም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይመዘናል። ከሥልጠናው ነጥቦች አንዱ ለሰው ተፈጥሮ የሚከብድ ነው። ማሽኑ መገልበጥ ሲጀምር አሽከርካሪው መዝለል የለበትም። ቀበቶውን እንዳሰረ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ እግሩን አደላድሎ፣ ማሽኑ ከሚወድቅበት በተቃራኒ አቅጣጫ ዘንበል ማለት አለበት። የሚዘለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከላዩ ሊጠብቀው በተሠራው የብረት ከለላ ሥር ነው። ሰውን በሹካው ላይ አቁሞ ከክምሩ አናት ጆንያ እንዲያወርድ ማድረግም በየቦታው የሚታይ፣ በየትኛውም አምራች መመሪያ ግን የተከለከለ ድርጊት ነው።

ለግብርና ምርት ነጋዴ ከሁሉ በላይ ሊያሳስበው የሚገባው የማሽኑ ጭስ ነው።

ፎርክሊፍት በናፍጣ፣ በቤንዚን፣ በጋዝ ወይም በባትሪ ይሠራል። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር ሲነሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ሠራተኛው ራስ ምታትና ድካም ተሰምቶት ፀሐይ ወይም ረኃብ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በሩን ዘግቶ ቅዝቃዜን በሚጠብቅ መጋዘን ውስጥ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

ከዚሁ ጭስ ጋር ኤቲሊን የሚባል ጋዝም ይወጣል። ይህ ጋዝ ፍራፍሬ ራሱ ሲበስል የሚያመነጨው ነው፤ ሙዝ የሚያበስሉ ነጋዴዎች ሆን ብለው የሚጠቀሙበትም እርሱኑ ነው። ሳይታሰብ ሲመጣ ግን ጠላት ነው። የካርኔሽን አበባ እጅግ ትንሽ መጠን ኤቲሊን ሲደርሰው ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ዳግመኛም አይከፈትም። ኪዊ የሚባለው ፍራፍሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለ ይለሰልሳል። ሰላጣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። አቮካዶ ከሚጠበቅበት ቀን ቀድሞ ይበስላል። ጽጌረዳ እንደ ዝርያው ቢለያይም አንዳንዱ ገና ሳይፈካ ይረግፋል። ብርቱ ልፋት የፈሰሰበት ምርት ከማሳ ደህና ወጥቶ፣ በመጓጓዣ ደህና ተጉዞ፣ መጨረሻ ላይ ከፓሌት ወደ መኪና በሚዛወርበት ግማሽ ሰዓት ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ገዢው ጉዳቱን የሚያየው ከቀናት በኋላ በሌላ አገር በመሆኑ ጥፋተኛውም ገበሬው ይመስላል። የድኅረ ምርት ባለሙያዎች አበባና ፍራፍሬ በሚቀመጥበት ቦታ የባትሪ ፎርክሊፍት ብቻ እንዲገባ አጥብቀው የሚመክሩት ለዚህ ነው።

«ለአካባቢ የሚስማማ» የሚለው የአምራቹ ቃል እዚህ ላይ ከገበሬው ኪስ ጋር ይገናኛል። የባትሪ ማሽን ጭስ የለውም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ኢትዮጵያ ከምታመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ ማሽኑ የሚሞላበት ኃይልም ቢሆን ከናፍጣ የጸዳ ነው። የውጭ ምንዛሬ ከፍሎ ነዳጅ ለሚያስመጣ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የወሰነበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ባትሪም የራሱ ጣጣ አለው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ለስምንት ሰዓት ያህል ሠርቶ ስምንት ሰዓት መሞላት፣ ከዚያም መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ክፍሉ አየር የሚገባበት፣ ሲጋራና ክብሪት የማይታይበት መሆን ይኖርበታል፤ ከጆንያ ክምር አጠገብ ማስሞላት እሳት መጥራት ነው። በውስጡ ያለው አሲድና እርሳስ መሬት ላይ ቢፈስ አፈርንም የውኃ ጉድጓድንም ይመርዛል። አሮጌው ባትሪ ቀልጦ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውል ስለሆነ በጓሮ የሚጣል ዕቃ አይደለም። አዲሱ የሊቲየም ባትሪ ውኃ አይጠይቅም፤ ሠራተኛው ምሳ ሲበላም ተሰክቶ ሊሞላ ይችላል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ቶዮታ ኢንዱስትሪስ እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ በሃይድሮጅን የሚሠሩ ማሽኖችንም በጃፓን ለገበያ አቅርቧል፤ ሃይድሮጅን መሙያ ጣቢያ በሌለበት አገር ይህ ለጊዜው ከወሬ አያልፍም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ያለ ዩኒየንም ቢሆን ባትሪ ከመምረጡ በፊት መስመሩን ቢፈትሽ ይሻለዋል።

እህል መጋዘን ውስጥ አንድ ሌላ ነገር መታወስ አለበት። ነቀዝን ለመከላከል በሚጨሰው ፎስፊን የተባለ ጋዝ መዳብ ይበላል። መጋዘኑ ታሽጎ በሚታጠንበት ጊዜ የባትሪ ፎርክሊፍት ውስጥ ከተረሳ ሽቦዎቹና መቆጣጠሪያዎቹ ይጎዳሉ። ማሽኑን አስቀድሞ ማውጣት ወጪ የለውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሠራው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ በ2050 ካርቦን የማያመነጭ እሆናለሁ ብሎ ቃል የገባው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2023 አሳፋሪ መግለጫ ለማውጣት ተገደደ። በጃፓን ለሚሸጡ ፎርክሊፍቶች የሚሠራቸው የናፍጣና የቤንዚን ሞተሮች የጭስ ምርመራ በትክክል አልተካሄደም፤ አንዳንዶቹም ሕጉ ከፈቀደው በላይ ብክለት ያወጣሉ ሲል አመነ። ማሽኖቹን ማቅረብም አቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲያረጅ ጭሱ ይብሳል። ስለዚህ ሕጉ አዲስ ሞተር ብቻ ተለክቶ እንዲታለፍ አይፈቅድም፤ ለረጅም ሰዓት ሠርቶ ምን ያህል እንደሚበክል መታየት አለበት። የኩባንያው ሠራተኞች በዚህ ረጅም ምርመራ መካከል የሞተር ዕቃ ይቀይሩ፣ በተለካው ቁጥር ፈንታም በግምት የተገኘ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ያጣሩት ዘገባ እ.ኤ.አ ጥር 29 ቀን 2024 ይፋ ሲሆን ጉዳዩ ከፎርክሊፍትም አለፈ። ኩባንያው ለቶዮታ የሚያቀርባቸው የመኪና የናፍጣ ሞተሮችም የኃይል መጠናቸው የተለካው ለሽያጭ በሚቀርበው መቆጣጠሪያ ሳይሆን ቁጥሩን በሚያሳምር ሌላ መቆጣጠሪያ ሆኖ ተገኘ። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስን ጨምሮ አሥር የመኪና ዓይነቶች ለጊዜው ከፋብሪካ እንዳይወጡ ታገዱ። መኪኖቹ የተቀመጠላቸውን የኃይል ልክ እንደሚያሟሉና ባለቤቶቻቸውም መንዳታቸውን ማቆም እንደማያስፈልጋቸው ቶዮታ በወቅቱ አሳውቋል።

ዘገባው እንደ ምክንያት ካነሳቸው መካከል የተጣበበ የሥራ ጊዜና ሕጉን በቅጡ አለማወቅ ይገኙበታል። እዚህ ላይ የሽመና ማሽኑ ትዝ ይላል። ክር ሲቆረጥ እንዲቆም የተሠራ ማሽን ባለቤት የሆነ ኩባንያ፣ ክሩ ሲቆረጥ እያየ ሽመናውን ቀጠለ። ቀነ ገደቡ ከቁጥሩ በልጦ ታየ።

ይሁንና ከዚህ ተነስቶ ማሽኖቹ በሙሉ የማይረቡ ናቸው ማለት ስህተት ይሆናል። የተጓደለው የሞተሮች የጭስ ምርመራ እንጂ አክስሉን የሚቆልፈው ሥርዓት አይደለም፤ የባትሪ ማሽኖችም በዚህ ጉዳይ ውስጥ የሉበትም። ችግሩን አምኖ ሽያጭ ማቆምና ዘገባውን ለሕዝብ ይፋ ማድረግም ከመደበቅ ይሻላል። ለገዢው የሚጠቅመው ግን የትልቅ ኩባንያ ስም ብቻውን ማረጋገጫ አለመሆኑን ማወቁ ነው። የጭስ ቁጥር የታተመበት ወረቀት ማን እንደለካው፣ የትኛው አገር ሕግ እንደሚመለከተው ቢጠየቅ ነውር የለበትም።

የመግዛት ሐሳብ ያለው ዩኒየን ሌላም የሚጠይቀው አለ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ የደህንነት መቆጣጠሪያው አሁንም ይሠራል ወይስ ተነቅሏል? ሲበላሽ መለዋወጫውን የሚያመጣ፣ መቆጣጠሪያውን የሚያነብ ባለሙያ በቅርብ አለ? ከማሽኑ ጋር ሥልጠና ይሰጣል ወይስ ቁልፍ ብቻ? የመጫን አቅሙን የሚያሳየው ሰሌዳ በጎኑ ላይ ይነበባል? ርካሽ ተብሎ የተገዛ፣ መቀመጫው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ በሽቦ ታስሮ «የተስተካከለ» ማሽን ከአምራቹ ቃል ጋር ምንም አያገናኘውም።

የጫኝና አውራጆቹም ነገር መነሳት አለበት። ማሽኑ ሲገባ በማኅበር ተደራጅተው ከዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች እንጀራቸው ይነካል። አሥር ሰው የሚያወርደውን መኪና አንድ አሽከርካሪ ሊጨርሰው ይችላል። ወገባቸው እንዲተርፍ መፈለግና ገቢያቸው እንዲቀር ማድረግ አንድ ላይ የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። ከመካከላቸው ለማሽከርከር፣ ለፓሌት ድርደራና ለባትሪ እንክብካቤ የሚሠለጥኑ ሰዎች መምረጥ የተሻለው መንገድ ይመስላል፤ ጭነትን በዓይኑ ለክቶ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያውቅ ሰው ከእነርሱ ወዲያ አይገኝም።

ከሁሉ በፊት ግን ወለሉ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ መጋዘኖች የተሠሩት በእግር ለሚሄድ ሸክም ነው። ደጃፋቸው ላይ ደረጃ አለ፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ ግቢው በክረምት ጭቃ ይሆናል። አራት ቶን የሚመዝን ማሽን ሁለት ቶን ተሸክሞ ሲያልፍበት የሚሰምጥ ወለል ላይ የትኛውም መቆጣጠሪያ አያዋጣም። ጆንያው በፓሌት ላይ ካልተደረደረም ሹካው የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። እነዚህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ሲሚንቶና እንጨት ከማሽኑ ዋጋ ጋር አንድ ላይ ተሰልቶ ለጠቅላላ ጉባኤ ቢቀርብ፣ አባላቱ የሚወስኑት ሙሉውን ወጪ አይተው ይሆናል።